ሸለምጥማጥ ጓደኛዋን የገደለባት ዳክዬ፤ ምን ላድርግላት?

የሎሚ አሳዳጊ (ቢሾፍቱ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡20

ጤና ይስጥልኝ። ዳክዬ ያሳደገ ሰው ካለ እባካችሁ መልሱልኝ። በአካባቢዬ የምጠይቀው ሰው አላገኘሁም፤ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል።

የምኖረው ቢሾፍቱ ነው፤ ቤቴ ከባቦጋያ ሐይቅ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ኑሮዬ በልብስ ስፌት ነው። በረንዳዬ ላይ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና አለችኝ፤ የተማሪ ዩኒፎርም፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋባታለሁ። ሁለት ዳክዬዎች ነበሩኝ። ሎሚ ነጭ ሴት ናት፤ ማጅራቷ ላይ ብቻ ላባዋ ሳስቷል። ዳማ ገላው ቡናማ፣ ጭንቅላቱ አረንጓዴ ወንድ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ጎረቤቴ ቤቷን ሸጣ ስትሄድ ጫጩት ሳሉ በካርቶን አድርጋ ሰጠችኝ። ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። አምፖል አብርቶላቸው፣ አልጋው አጠገብ አስተኝቶ ያሳደጋቸው እሱ ነው።

ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም። የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬ ለአንድ ዳክዬ እንጂ ለሁለት አይበቃም፤ እነሱ ግን ተጣብቀው ይገቡበትና ግማሹን ውሃ መሬት ላይ ያፈሱታል። ጎረቤቶቼ «ዳክዬ አይበላ፣ ምን ይጠቅምሻል?» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ጣቱ በቆዳ የተያያዘ ወፍ በእኛ በኦርቶዶክሶች ዘንድ አይበላም። እኔ ግን ለመብላት ብዬ አላሳደግኋቸውም።

እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የሎሚ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። እንዲያ ስትጮኽ ሰምቻት አላውቅም። የስልኬን መብራት ይዤ በባዶ እግሬ ወጣሁ። ቤታቸው ከቆርቆሮና ከዶሮ ሽቦ የተሠራ ነው፤ ከታች በኩል ሽቦው ዝጎ ኖሮ ተበጥሶ የቡጢ ያህል ቀዳዳ ተከፍቷል። መብራቱን ወደ አጥሩ ሳዞር ሸለምጥማጡን አየሁት። ጅራቱ ረጅም፣ ቀለበት ቀለበት የሠራ፣ ግንቡ ላይ ቆሞ አፍጥጦ ያየኛል። ድንጋይ ስወረውር ተሰወረ። ዳማ አንገቱን ተነክሶ ገለባው ላይ ተዘርሯል፤ ገላው ገና ይሞቅ ነበር። ሎሚ ጥግ ገብታ ጭንቅላቷን ከቆርቆሮው ጋር አጣብቃ ትንቀጠቀጣለች።

ልጄ ሳይነቃ ዳማን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልዬ ፓፓያው ሥር ቀበርኩት። የሚጸጽተኝ ይህ ነው፤ ሎሚ አላየችውም። ለእሷ ዳማ የሞተ አይደለም፣ የጠፋ ነው።

ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ንጋት ላይ ወጥታ ግቢውን ትዞራለች። ከቧንቧው ሥር፣ ከከሰል ጆንያው ኋላ ታያለች፤ ከዚያ የውጭው በር ሥር ባለችው ክፍተት አንገቷን አሹልካ ወደ መንገዱ ትጣራለች። ትጣራና ዝም ትላለች፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ ትቆያለች። ከዚያ እንደገና ትጣራለች። ሳፋውን ሞላሁላት፤ እስከ ጠርዙ መጥታ ተመለሰች። ፉርሽካና በቆሎዋን ሁለት ሦስት ጊዜ ነክታ ትተወዋለች። ቀን ቀን መጥታ ከስፌት መኪናዬ ሥር፣ መርገጫው አጠገብ ትተኛለች። መኪናው ሲሠራ ትረጋጋለች። ክር ልቀይር ሳቆም ቀና ብላ ትጮኻለች። ትናንት የምሰፋው ሳይኖረኝ ባዶ መኪና ስረግጥ አመሸሁ።

ዳክዬ በእውነት ታዝናለች? በጊዜ ይተዋታል ወይስ እንዲህ ሆና ትሞትብኛለች? ሌላ ዳክዬ ልፈልግላት? ባገኝላትስ ትቀበለዋለች? አንዷ ጎረቤቴ «ከእኔ ዶሮዎች ጋር ትዋል» ትለኛለች። ማታ ማታ ያን ቤት አይታ ስለምትሸሽ እየጎተትኩ ነው የማስገባት፤ ይህም አንጀቴን ይበላኛል። ቀዳዳውን በድንጋይ ደፍኜዋለሁ።


ባለጓሮው (ሐዋሳ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡05

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሌላውን ነገ እንነጋገራለን፤ ይህን እንዳነበብሽ ግን ተነሥተሽ ሎሚን ከዚያ ቤት አውጫት። ኩሽናም ቢሆን፣ መታጠቢያ ቤትም ቢሆን፣ በር ያለው ክፍል ውስጥ ትደር። ሸለምጥማጥ አንድ ጊዜ የቀናውን ቦታ አይረሳም።

ሐዋሳ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ዳክዬ አርብቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት አንዷን ሰኞ ሌሊት ወሰደብኝ። ልክ እንዳንቺ ቀዳዳውን በድንጋይ ደፍኜ ተገላገልኩ ብዬ ተኛሁ። ረቡዕ ሌሊት በጣሪያው በኩል ገብቶ ሦስት ገደለ። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ለዚህ ነው ቶሎ የጻፍኩልሽ።

የዶሮ ሽቦ የምንለው ያ ባለ ስድስት ማዕዘን ቀጭን ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ይከለክላል እንጂ አውሬ እንዳይገባ አያግድም። ጥርስ ይበጥሰዋል፣ ዝገት ይጨርሰዋል። መገጣጠሚያው የተበየደ፣ ዓይኑ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይሰፋ ወፍራም ሽቦ ፈልጊ። ዋጋው ይከብዳል፤ ግን ግቢውን ሁሉ ማጠር የለብሽም፣ የሚያድሩበትን ብቻ ነው። ሸለምጥማጥ ቀጭን ነው፤ ጭንቅላቱን ካስገባ ገላውን ያስገባል። ከታች ሽቦውን ወደ ውጭ አጥፈሽ ግማሽ ሜትር ያህል መሬት ላይ አንጥፊውና አፈርና ድንጋይ ጫኚበት። የሚቆፍር አውሬ ቁፋሮውን የሚጀምረው ግድግዳው ሥር ነው፤ እዚያ ሽቦው ይገጥመዋል። ጣሪያውን አትርሺ፤ ይህ እንስሳ ዛፍ የሚወጣ ነው። ፓፓያሽ ወደ ቤቱ ከተጠጋም መንገድ ይሆነዋል። ሥራውን ስትጨርሺ ዙሪያውን አመድ ነስንሺ፤ ጠዋት ዱካውን ታነቢያለሽ፤ መጥቶ እንደሆነና በየት በኩል እንደሞከረ ይነግርሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። የወንድ ዳክዬ ድምፅ የታፈነ ነው፤ ድምፁ እንደ ጎረነነ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚያወጣው። ጮክ ብላ የምትጮኸው ሴቷ ናት። ያን ሌሊት የቀሰቀሰችሽ ሎሚ ናት። እሷ ባትጮኽ ኖሮ ጠዋት ሁለቱንም ነበር የምትቀብሪው።


የዱር ወዳጅ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡40

እዚያው ቢሾፍቱ ከሆኑ ጨለለቃ ረግረግ ወስደው ለምን አይለቋትም? የዱር ዳክዬና ልዩ ልዩ የውሃ ወፍ ሞልቷል። ከወገኖቿ ጋር ትኑር። ግቢ ውስጥ ብቻዋን ከምትጨነቅ ነፃነቷን ብታገኝ ይሻላል ባይ ነኝ።


የእንስሳት ሐኪም (አዳማ)
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7፡10

በቅድሚያ ጨለለቃን በተመለከተ፦ በቅን ልብ የተሰጠ ሐሳብ እንደሆነ ይገባኛል፤ ሎሚን ግን ይገድላታል። ነጭ የቤት ዳክዬ ለብዙ ትውልድ ለሥጋና ለእንቁላል የተመረጠች ከባድ ወፍ ናት፤ አትበርም። ቀለሟ ከሩቅ ይታያል። ምግቧን ከሰው እጅ እንጂ ከረግረግ አልለመደችም። ጨለለቃ ደግሞ ውሃው በበጋ የሚሸሽ ነው፤ የዱሮቹ ወፎች በርረው ሲሄዱ እሷ ለውሻና ለጅብ ትቀራለች። በሽታም ከቤት ወፍ ወደ ዱር ወፍ፣ ከዱር ወደ ቤት ይተላለፋል። እባክዎን አይልቀቋት።

አሁን ወደ እርስዎ ጥያቄ ልመለስ። ከኀዘኑ በፊት የምጠይቅዎ አለ፤ ሎሚን ራሷን እንዳልነከሳት አረጋግጠዋል? አውሬው ከእሷ ጋር በአንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ነበር። ላባ ቁስልን ይደብቃል፤ የጥርስ ቀዳዳ ደግሞ ጠባብና ጥልቅ ስለሆነ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ውስጡ ያመግላል። አለመብላትና አንድ ቦታ መተኛት ከኀዘንም፣ ከቁስልም ይመጣል። ሁለቱን የሚለየው በእጅ መመርመር ብቻ ነው። በፎጣ ይጠቅልሏትና ጭንዎ ላይ ያድርጓት። ክንፏን አንድ በአንድ ይዘርጉ፤ ብብቷን፣ ጎኗን፣ ጀርባዋን፣ ከጅራቷ በላይ ያለውን ቦታ ላባውን ወደ ኋላ እየገፉ ቆዳዋ እስኪታይ ይመልከቱ። ቁስል ካገኙ ግማሽ ሊትር ፈልቶ በበረደ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙተው ይጠቡትና ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዷት። ለሰው የታዘዘ ማስታገሻ በግምት አይስጧት።

በቆሎውንም ያሽቱት። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ጆንያው እርጥበት ስቦ ሊሆን ይችላል። ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ከቤት አዕዋፍ ሁሉ ዳክዬን አብዝቶ ይጎዳል። መርዙ የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎችን ከፈጀ በኋላ ነው፤ የዳክዬ ጫጩቶችም አብረው አልቀዋል። ጤነኛ ዳክዬ እንኳ እየበላች ቀስ በቀስ ጉበቷ ያልቃል። ጥርጣሬ ካለዎት ይጣሉት። ለአሁኑ ፉርሽካውን በውሃ አርጥበው፣ ጎመንና ሰላጣ በቀጭኑ ከትፈው ውሃ ላይ ይበትኑላት፤ ከመሬት የማትለቅም ዳክዬ ከውሃ ላይ ስትለቅም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ዳቦ አያብዙላት፤ አቮካዶ ደግሞ ፈጽሞ አይስጧት፣ ለወፍ መርዝ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ካልቀመሰች አይጠብቁ፤ ይዘዋት ይሂዱ።

«ታዝናለች ወይ?» ላሉት፦ በልቧ ያለውን ልነግርዎ አልችልም። የማውቀው ዳክዬ የመንጋ ወፍ መሆኗን ነው። ከመንጋዋ ስትነጠል በደሟ ውስጥ የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል፣ ትጣራለች፣ ትፈልጋለች፣ እንቁላል ታቋርጣለች። ይህን ኀዘን ብለው ቢጠሩት እኔ አልከራከርዎትም።

ጓደኛ ያስፈልጋታል። ነገር ግን ወንድ አያምጡላት። ማጅራቷ ላይ ላባዋ የሳሳው ዳማ ለመራባት ሲወጣባት በአፉ የሚይዛት እዚያ ስለሆነ ነው። አንድ ወንድ ለአንዲት ሴት ይከብዳታል፤ አራት አምስት ሴት ሲኖሩ ነው ሸክሙ የሚቀልላት። ለሎሚ አንዲት ሴት፣ ቢቻል ሁለት ይፈልጉላት። የሚመጡት ቢያንስ ሦስት ሳምንት፣ ቢሆን አንድ ወር ለብቻቸው ይቆዩ፤ በሌላ ዕቃ ይብሉ፣ ከእነሱ ዘንድ ሲወጡ ጫማ ይቀይሩ። ዳክዬ ፈንግል የተባለውን የዶሮ በሽታ ሳትታመም ተሸክማ ለጎረቤትዎ ዶሮዎች ልታደርስ ትችላለች። ክትባቱ እዚያው ቢሾፍቱ ነው የሚመረተው፤ ጎረቤትዎ ካላስከተቡ ይንገሯቸው።


ከቨርጂኒያ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡30

እህቴ፣ ያልሽውን ሳነብ የራሴ ዳክዬዎች ፊቴ ላይ መጡ። እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ገጠር ነው። አራት ዳክዬዎች ነበሩኝ፤ በአንድ ሌሊት ሦስቱን ራኩን ፈጀብኝ። ራኩን እንደ ሰው ጣት ያለው አውሬ ነው፤ መቀርቀሪያውን ራሱ ከፍቶ ነው የገባው። የቀረችው አንዷ ገብረ ጉንዳን የወረራት ይመስል ስትንቆራጠጥ ከረመች። አሥር ቀን ያህል ተጣራች። ከዚያ ጥሪው እየቀነሰ ሄደ፤ ዝምታው ግን ከጥሪው ይልቅ አስፈራኝ።

የጠቀመኝን ልንገርሽ። አሮጌ መስታወት መሬት ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ እንዳይወድቅ አስሬ አቆምኩላት። በመጀመሪያው ቀን አጠገቡ ተኛች። ሰዎች መስታወት ማታለል ነው ይላሉ፤ እኔ ግን በልታ እንድትቆይልኝ ስለረዳኝ አመሰግነዋለሁ። ምግቧንም መስታወቱ ፊት አደርግላት ነበር፤ «ሌላዋ» ስትበላ እያየች ትበላለች። የዳክዬ ድምፅ ከስልክ ማሰማትን ግን አትሞክሪ። እኔ ሞክሬ ነበር፤ ስልኩን እየዞረች በመንቁሯ ስትፈልግ ባየኋት ጊዜ አለቀስኩ፤ አጥፍቼው ሁለተኛ አልከፈትኩትም።

ማታ ለምን እንደሚብስባት የገባኝ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኢንዲያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ዳክዬዎችን በረድፍ አስተኝተው አጥንተዋቸዋል። መሃል ያሉት በአብዛኛው ሁለት ዓይናቸውን ጨፍነው ይተኛሉ። ጫፍ ላይ ያሉት ግን ከመሃለኞቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ የዞረውን ዓይናቸውን ከፍተው፣ ግማሽ አእምሯቸውን ብቻ ያስተኛሉ፤ ዘብ ናቸው ማለት ነው። ብቻዋን የቀረች ዳክዬ በሁለቱም በኩል ጫፍ ላይ ናት። ስለዚህ ሎሚን ስታስተኛት ከግድግዳ ጥግ፣ ሰው የሚተነፍስበት ክፍል ውስጥ አድርጊያት። ልጅሽ አጠገቧ ቢሆን ጥሩ ነው፤ መሬቱ ላይ ጋዜጣና ገለባ አንጥፉ። የስፌት መኪናሽ ሥር መተኛቷ አይገርመኝም፤ ዘብ አግኝታለች።

የዳማን ሬሳ ባለማሳየትሽ ራስሽን አትውቀሺ። አንዳንድ አርቢዎች ዳክዬዎች ሬሳውን ቢያዩ ፍለጋውን ቶሎ ይተዋሉ ይላሉ። የእኔዋ የሦስቱንም አይታ አሥር ቀን ተጣርታለች።


የሎሚ አሳዳጊ (ቢሾፍቱ)
ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2፡15

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ረቡዕ ሌሊት መልእክትዎን አንብቤ ወዲያው ነው ያስገባኋት። ጠዋት ሄጄ ሳይ የደፈንኩት ድንጋይ ተገፍትሮ ነበር። እጄ እስካሁን ይንቀጠቀጣል።

ዶክተር፣ እንዳሉኝ በፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አደረግኋት። ልጄ መብራት ያዘልኝ። የቀኝ ክንፏ ሥር ምንም የለም። የግራውን ስዘረጋው ራሷ አንገቷን አዙራ እጄን ነከሰችኝ። ላባውን ወደ ኋላ ስገፋ፣ ከብብቷ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ፣ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳዎች፤ እያንዳንዳቸው ከዶቃ ቀዳዳ አይበልጡም። ዙሪያው ሰማያዊ ሆኖ አብጧል፣ ስነካው ይሞቃል። አራት ቀን ሙሉ መኪናዬ ሥር ተኝታ የነበረችው ይህንን ይዛ ነው! እኔ ያዘነች ብቻ መስሎኝ ነበር። አጥቤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ ወሰድኳት፤ መግሉን አውጥተው መርፌ ወጓት፤ ለአምስት ቀን የሚሰጥ መድኃኒትም ሰጡኝ። ጆንያውን ገልብጬ ሳይ ደግሞ ከታች ያለው በቆሎ አረንጓዴ ሆኗል። ጣልኩት።

የቨርጂኒያዋ እህቴ፣ መስታወቱን ዛሬ አቆምኩላት፤ ደንበኞቼ ልብስ ለክተው የሚያዩበት ነው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከፊቱ የበተንኩትን ሰላጣ ከሰሃኑ ውሃ ላይ ለቀመች፤ ሁሉንም። ልጄ እየቆጠረ ነበር።

የቀረኝ የጎረቤቴ ዶሮዎች ጉዳይ ነው። ሌላ ዳክዬ እስካገኝ ከእነሱ ጋር ብትውል ምን ይላችኋል? ዳክዬስ የት ይገኛል?


ባለጓሮው (ሐዋሳ)
ዓርብ፣ ከቀኑ 6፡50

ድንጋዩን ገፍትሮታል አልሽኝ! እንኳን አወጣሻት።

ዶሮን በተመለከተ፣ ቁስሏ ሳይድን አታገናኛት፤ ዶሮ ቀይ ነገር ስታይ መጠቅጠቅ አትተውም። ከዳነች በኋላ ቀን ቀን ግቢ ውስጥ አብረው ቢውሉ አይከፋም። ማታ ግን ዶሮ ቆጥ ላይ ትወጣለች፣ ዳክዬ መሬት ላይ ትቀራለች። ጭንቁ በሚበረታበት ሰዓት ብቻዋን ናት ማለት ነው። በዚያ ላይ ዳክዬ ውሃ ካላንቦጫረቀች አትጠጣም፤ አፍንጫዋንና ዓይኗን የምታጸዳው ጭንቅላቷን ውሃ ውስጥ ነክራ ነው። የዶሮዎቹ ጉዝጓዝ ይረጥባል፣ እነሱ ይታመማሉ፣ ከጎረቤትሽ ጋር ትጣያለሽ።

ዳክዬ በበዓል ገበያ አትፈልጊ፤ ዶሮ ብቻ ነው የምታገኚው። እዚያው የናንተ ሐይቆች ዳር ያሉ ሆቴሎችና መዝናኛዎች ለውበት ያረቧቸዋል፤ ሲበዙባቸው ይሰጣሉ። አለቃውን ሳይሆን አትክልተኛውን አነጋግሪ፤ ስንት እንደሆኑ፣ የትኛዋ ሴት እንደሆነች የሚያውቀው እሱ ነው። ሴት መሆኗን በድምፅዋ ለዪ፤ ጅራቱ ላይ ወደ ላይ የተጠቀለለች ላባ ያለችው ወንድ ነው።


የሎሚ አሳዳጊ (ቢሾፍቱ)
ከስድስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከቀኑ 10፡00

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገራችሁ።

የሎሚ ቁስል በሁለት ሳምንት ደረቀ። ቤቱን አፍርሼ እንደገና አሠራሁት፤ ለሁለት ቀሚስ የተቀበልኩት ገንዘብ በሙሉ ሽቦው ላይ አለቀ። ሽቦውን እንዳሉኝ ወደ ውጭ አጥፈን ቀበርነው። በሩን በሌላ በኩል አድርጌ፣ ቆርቆሮውንም ቀይሬ ነው ያስገባኋት፤ የድሮውን በር እያየች እንዳትሸሽ ብዬ። ሸለምጥማጡ ሁለት ጊዜ መጥቷል። አመዱ ላይ ዱካውን አየሁ፤ ቤቱን ሙሉ ዙር ዞሮ በጥግ በኩል ቆፈር ቆፈር አድርጎ ሄዷል።

ዳክዬዎቹን ያገኘሁት ጋሼ እንዳሉኝ ከአንድ አትክልተኛ ነው። ሁለት እህትማማቾች፣ ሰባት ወር የሆናቸው፤ አንዷ ግራጫ፣ አንዷ ቡናማ ነጠብጣብ ያለባት። ልጄ ጉምና ጤፍ ብሎ ሰየማቸው። የልብስ ማጠቢያ ክፍሌ ውስጥ ለብቻቸው አስቀመጥኳቸው፤ ስገባ ሌላ ጫማ፣ ስወጣ ሌላ ጫማ። በመጀመሪያው ቀን ሎሚ እንደ ልማዷ መርገጫው አጠገብ ተኝታ ሳለ ከበሩ ኋላ ጉም ድምፅ አሰማች። ሎሚ ብድግ አለች። ክንፏን ከገላዋ ገለጥ አድርጋ፣ አንገቷን አቅንታ፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቆመች። ከዚያ አንድ ጊዜ ተጣራች። ከውስጥ ሁለቱም መለሱላት። እየተንገዳገደች ሮጣ በሩ ሥር ደረቷን አስጠግታ ተኛች፤ ሦስቱን ሳምንት በሙሉ ውሎዋ እዚያ ሆነ። እኔ ግን በሩን አልከፈትኩም፤ ልጄ በጣም ተቆጥቶኝ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በሽቦ ለይቼ አንድ ሳምንት ጎን ለጎን አዋልኳቸው። ሽቦው ሲነሣ እንዳሰብኩት አልሆነም። ሎሚ ጤፍን አንገቷን ይዛ ግቢውን አዞረቻት። ልለያያቸው ተነሣሁ፤ ደም እስከሌለ ልተዋቸው ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለት ቀን እንዲያ አሳደደቻት። በሦስተኛው ቀን ሳፋውን ሞልቼ ሄድኩ። ስመለስ ጉምና ጤፍ ውስጥ ናቸው፤ ሎሚ ጠርዙ ላይ ደረቷን አሳርፋ ታያቸዋለች። ጉም ውሃ ረጨችባት። ሎሚ ገባች። ሦስቱን ሳፋው እንዴት እንደቻላቸው አላውቅም፤ ውሃው ሁሉ ወጥቶ ባዶ ሳፋ ውስጥ ተጨናንቀው ክንፋቸውን ያራግፋሉ። አሁን በርሜል ለሁለት ሰንጥቄ ቀብሬላቸዋለሁ።

ቀን ቀን መኪናዬ ሥር መምጣት ትታለች። እኔ ግን ከመርገጤ በፊት ወደ ታች ማየት አልተውኩም። ንጋት ላይ አሁንም የውጭው በር ሥር ሄዳ አንገቷን አሹልካ ወደ መንገዱ አንድ ጊዜ ትጣራለች። ጉምና ጤፍ ከበርሜሉ ይመልሱላታል፤ ዞር ብላ ወደ እነሱ ትሄዳለች።